ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን ምረጡ

(በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ስብሰባ መጨረሻ ላይ የተደረገ ንግግር፣ እንደተነገረ የተጻፈ)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ ገንዘብ ያዣችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አጀንዳው ካለቀ በኋላም ስለቆያችሁልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቻርጀር ነው። የስልኩን ማለቴ አይደለም። ቻርጅ የሚደረጉትን ድንጋዮች የምንሞላበትን ነው። «ለዚህች ትንሽ ነገር ስብሰባ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገርየዋ ትንሽ ናት፤ ቤት ለማቃጠል ግን አታንስም። ለዚህ ነው ፈቃድ ጠይቄ የተነሣሁት።

እስቲ ቤታችሁን በሐሳብ ዙሩት። ድንጋይ የሚበላ ዕቃ ስንት አለ? ራዲዮው፣ የእጅ ባትሪው፣ ሪሞቱ፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የልጆቹ መጫወቻ፣ የደም ግፊት መለኪያው። ድሮ ድንጋይ ሲደክም ምን እናደርግ ነበር? ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። በጥርሱ ነክሶ ራዲዮ ውስጥ የሚመልስም ነበር። እባካችሁ፣ ልጆች ዛሬም ሲነክሱ ካያችሁ ከአፋቸው አስጥሏቸው። ውስጡ ያለው ኬሚካል ለአፍ የሚሆን አይደለም።

አሁን ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ በየሱቁ አለ። ደስ የሚል ነገር ነው። በደንብ ከተያዘ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ሰው ድንጋዩን መርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ቻርጀሩን ግን «የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ይሥራ» ይላል። እኔ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። «ድንጋዩ ፌክ ነው» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው ድንጋዩ ደህና ነበር። የገደለው ቻርጀሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘባችሁን ቻርጀሩ ላይ አውጡ። ድንጋዩ ይከተላል።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ቻርጀሩ ከድንጋዩ ጋር ይስማማል ወይ? ሁለተኛ፣ ጥሩ ቻርጀር በምን ይታወቃል? ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት? ሦስቱንም የሚያያይዝ አንድ ቃል አለኝ። ከመሰካታችሁ በፊት አንብቡ! ዛሬ ይሄን ደጋግሜ ብላችሁ አትሰልቹ።

እሺ፣ አንደኛው። ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ቁመቱም ውፍረቱም እኩል ሆኖ ውስጡ ሌላ ይሆናል።

በየኪዮስኩ የሚሸጠው ተራው ድንጋይና አልካላይኑ 1.5 ቮልት ናቸው። እነዚህ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ናቸው። ቻርጀር ውስጥ ይገባሉ፤ መግባታቸው ነው አደጋው። ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ሲገፋባቸው ውስጣቸው ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ መውጫ የለውም። ወይ ያፈተልካል፣ ወይ ይፈነዳል። የሚያፈተልከው ፈሳሽ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል።

አንድ አባት የልጁን መጫወቻ መኪና ይዞልኝ መጣ። ክዳኑን ስከፍተው የድንጋዮቹ ጫፍ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቷል። ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። «ቻርጅ አድርጌያቸው ነበር፣ ቻርጀሩ ውስጥ ልክክ ብለው ነው የገቡት» አለኝ። ሰውየው ጠንቃቃ ሰው ነው። ድንጋዩ ላይ «ቻርጅ አታድርጉ» ተብሎ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ማን ያነባል? ለዚህ ነው አንብቡ የምላችሁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ልጆቻችሁን ጥሩ፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያነበዋል። እግረ መንገዴን፣ እንዲህ ያፈተለከ ዕቃ ካላችሁ ጓንት አድርጉ፣ ጥጥ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ጥረጉትና አድርቁት። ሽቦው ካልተበላ ዕቃው ይተርፋል።

ሁለተኛው ዓይነት ለቤት የምመክራችሁ ነው፤ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይባላል። ላዩ ላይ «ኤንአይ ኤምኤች» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፤ «ሪቻርጀብል» የሚልም አለበት። ቮልቱ 1.2 ነው። «ከ1.5 ስለሚያንስ ደካማ ነው» የሚል ሻጭ አለ። አትስሙት። አልካላይኑ በ1.5 ጀምሮ እየሠራ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ይሄኛው ሊያልቅ እስኪቃረብ 1.2 አካባቢ ይቆያል። አብዛኛው የቤት ዕቃ በሁለቱም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳንዮ «ኤነሉፕ» ብሎ ያወጣው ዓይነት ደግሞ ተሞልቶ ቢቀመጥ ቻርጁ ቶሎ አይወርድም። ዛሬ በፓናሶኒክ ስም ይሸጣል፤ ሌሎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ለእጅ ባትሪና ለደም ግፊት መለኪያ እንዲህ ያለውን ፈልጉ። ለግድግዳ ሰዓት ግን አትልፉ። ተራው ድንጋይ ረጅም ጊዜ ያስኬደዋል።

ሦስተኛው ሊቲየም አዮን ነው። በስልካችሁ፣ በላፕቶፑ፣ በፀጉር ማሽኑ፣ በአዳዲሶቹ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው። መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። ዓለምን የለወጠ ነገር ነው። ሆኖም ቀልድ አያውቅም። መደበኛ ቮልቱ 3.6 ወይም 3.7 ነው፤ ሲሞላ 4.2 ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ካለፈ ውስጡ መጋል ይጀምራል። ግለቱ ሌላ ግለት ይወልዳል። በመጨረሻ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም።

አሁን ይቺን አስተውሉልኝ። በመጠን ከሪሞት ድንጋይ ጋር አንድ የሆነ ሊቲየም አለ። 14500 የሚል ቁጥር አለበት። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አትለዩአቸውም። አንዱ 1.2 ቮልት፣ አንዱ 3.7! ሪሞቱ ውስጥ ብታስገቡት ሪሞቱን ያቃጥላል። የኒኬል ቻርጀር ውስጥ ብታስገቡት ቻርጀሩ 4.2 ላይ ማቆምን አያውቅም። የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው 1.5 ቮልት የሚባሉ ሊቲየሞችም መጥተዋል። እነሱም የሚሞሉት በራሳቸው ገመድ ወይም በራሳቸው ቻርጀር ብቻ ነው። ቅርጹ ስለገባ ብቻ ይሆናል አትበሉ። ከመሰካታችሁ በፊት አንብቡ!

ሊቲየም ከገዛችሁ አይቀር ከፌክ ተጠንቀቁ። የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን 18650 ታውቁታላችሁ፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ቁመት ማለት ነው። «9900 ሚሊአምፒር ሰዓት»፣ ማለትም ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ተብሎ የተጻፈበት ገበያውን ሞልቶታል። ውሸት ነው! ስም ያላቸው አምራቾች የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከ3500 አይዘልም። በእጃችሁ መዝኑት። ትክክለኛው 45 ግራም አካባቢ ነው፤ እጅ ላይ ይሰማል። ፌኩ ይቀላል። አንዱን ቆርጠን አይተነው ውስጡ ግማሹ ባዶ ሆኖ ትንሽዬ ባትሪ ተሸጉጣ አግኝተናል። እናንተ እንዳትቆርጡ፤ ይሄ በባለሙያ፣ ደጅ የሚሠራ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ጥሩ ቻርጀር በምን ይታወቃል?

እንስራ ውኃ ስትሞሉ አፉ ድረስ ከደረሰ ይፈስሳል፣ ታዩታላችሁ። ድንጋይም ይሞላል። ከሞላ በኋላ የሚገፋበት ኤሌክትሪክ የሚፈስሰው ግን ሙቀት ሆኖ ነው። ስለዚህ የቻርጀር ዋናው ሥራ መሙላት አይደለም፤ መሙላትማ ማንም ይሞላል። ሥራው ማቆም ነው! መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ቻርጀር ነው ጥሩ ቻርጀር።

የኒኬል ድንጋይ ሲሞላ ቮልቱ ከፍ ይልና ጥቂት ዝቅ ይላል። በሚሊቮልት የሚለካ ዝቅታ ነው። ጥሩው ቻርጀር ይህችን ዝቅታ ጠብቆ ያቆማል፤ ሙቀቱንም የሚለካ አለ። ሻጩ «ስማርት» የሚለው ይሄን ነው። ርካሹ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ጨርሶ አያቆምም፤ እስክትነቅሉት ይገፋል። አንዳንዱ ሰዓት ይቆጥራል። ስምንት ሰዓት ከተባለ ስምንት ሰዓት ሞልቶ ያቆማል።

የሰዓቱ አደጋ እኛ ጋ ይብሳል። ለምን? መብራት ስለሚጠፋ! ልብ በሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰካችሁት። ለስድስት ሰዓት ሞልቶ ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ። መብራት ሲመለስ ብዙዎቹ ባለ ሰዓት ቻርጀሮች የቱ ጋ እንደነበሩ አያስታውሱም። ከአንድ ይጀምራሉ። ድንጋዩ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፣ እሱ ግን ገና ስምንት ሰዓት ሊገፋበት ነው። ሁለት ሦስቴ የሚጠፋበትን ሌሊት አስቡት። «ድንጋዩ ሦስት ወር አልቆየልኝም» የምትሉት አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። ስማርቱ መብራት ሲመለስ ድንጋዩን ራሱን ይለካል፤ ሞልቶ ካገኘው ብዙም ሳይቆይ ያቆማል።

(ከመሃል አንድ አባት «ታዲያ ሱቅ ውስጥ ሆኜ በምን እለየዋለሁ?» ብለው ጠየቁ።)

እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ወደዚያው እየሄድኩ ነበር። አንድ ድንጋይ ብቻውን አስገቡበት። ሁለት ካልሆነ አልሠራም የሚል ቻርጀር ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላው። አንዱ የደከመ፣ አንዱ ግማሽ ከሆነ ግማሹ ቀድሞ ሞልቶ ይቃጠላል፣ የደከመው ሳይሞላ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ መብራት ያለውን ፈልጉ። ሌላ መፈተኛ አለ። ከቤት የሞላ ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ። አስገቡትና ጠብቁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «ሞልቷል» ካለ ቻርጀሩ ይለካል። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

የፍጥነቱን ነገር ባጭሩ ልበለው። ቻርጀሩ ላይ «አውትፑት»፣ ለድንጋዩ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ከሚለው አጠገብ የሚሊአምፒር ቁጥር አለ። ድንጋዩ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ቻርጀሩ 500 ሚሊአምፒር ከሆነ 2000ን ለ500 ስታካፍሉ አራት ሰዓት ይመጣል፤ ትንሽ ይባክናልና አምስት ሰዓት ገደማ በሉት። ለቤት ይሄ ይበቃል። በሩብ ሰዓት እሞላለሁ የሚለው ድንጋዩን ያግለዋል፣ ዕድሜውንም ይቆርጠዋል።

ከሁሉ በላይ ግን «ኢንፑት» የሚለውን፣ ከግድግዳው የሚቀበለውን ማለት ነው፣ አንብቡ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በዚህ ሰፈር የላኪ ዘመድ የሌለው ቤት የለምና።

አንዲት እናት ልጇ ከአሜሪካ ቻርጀር ከነድንጋዩ ላከላት። ያማረ ዕቃ ነው። ሰካችው። አልጨረሰችም፣ ጢስ። እኔ ጋ ስታመጣው ጀርባው ቀልጧል። ገልብጬ ሳነበው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። የእኛ ቤት መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው! ልጁ በፍቅር ነው የላከው፣ እሷም በደስታ ነው የሰካችው። የቸገረው ማንበብ ብቻ ነው። «100 እስከ 240» የሚል ከሆነ አትስጉ፤ የሶኬቱን ቅርጽ አስተካክላችሁ ሰኩት። ከዱባይና ከሳውዲ የሚመጣው ቮልቱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ችግሩ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው ፊሽ ነው። ለእሱ አዳፕተር ይበቃል። አዳፕተር ግን ቅርጽ እንጂ ቮልት አይለውጥም! ባለ 120ውን በአዳፕተር ብትሰኩት ያው ይቃጠላል። ዘመዶቻችሁ ሲደውሉ ንገሯቸው፤ ከመላካቸው በፊት ጀርባውን ፎቶ ያንሡና ይላኩላችሁ።

ሦስተኛው፣ ቤት ውስጥ።

የት ነው የምትሰኩት? ሶፋ ላይ? ፍራሽ ላይ? መጋረጃ ሥር? ቻርጀር ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ወይም ባዶ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ቄጠማ ከተጎዘጎዘበት፣ ከሰል ከሚቀጣጠልበት አርቁት። ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋት እና ከዚያ በላይ የሚጎትት ነው። ማከፋፈያው ይግላል፤ ቮልቱም ሲወርድ ሲወጣ ቻርጀሩን ያምሰዋል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩ። ሲመለስ የሚመጣው አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ነው።

ሌሊት ተኝታችሁ አትሙሉ። አውቃለሁ፣ መብራቱ የሚመጣው ሌሊት ነው ትሉኛላችሁ። ቢሆንም እላለሁ። ሊቲየም ሲቀጣጠል ደቂቃ አይሰጥም፤ ጢሱም መርዝ ነው። ሰው ንቁ ሆኖ ባለበት ሰዓት ይሞላ። መሐል ላይ በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ በተለይ የኒኬሉ መጨረሻው ላይ ይሞቃል። በእጅ ይዛችሁ መቆየት ካቃታችሁ ግን ወዲያው ንቀሉ።

አዲስና አሮጌ፣ የተለያየ ማርካ አትቀላቅሉ። አራት ድንጋይ በሚበላ ዕቃ ውስጥ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ሦስቱ በግልባጭ ይገፉታል፤ በዚያው ይሞታል። አብረው የተገዙት አብረው ይኑሩ። ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ቀን ጻፉ፣ በቃ።

ፊሹ ከጀርባው ተስቦ የሚወጣ፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን የእጅ ባትሪ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት የምናበራቸው ፋኖሶችም ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው። ስለነሱ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ርካሾቹ ውስጥ ትራንስፎርመር የለም። የግድግዳው 220 ቮልት በቀጥታ ውስጡ ይገባል። ስለዚህ ተሰክቶ ሳለ ክዳኑን አትክፈቱ፣ የተሰነጠቀውን አትሰኩ፣ ልጅ እየሞላ እንዲጫወትበት አትፍቀዱ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነው። እሱ ባዶውን ተቀምጦ ከሰነበተ ይበላሻል፣ መልሶም አይሞላም። ከለቅሶ ሲመለስ መጀመሪያ ይሞላ፣ ከዚያ ዕቃ ቤት ይግባ። ማንም ባይጠቀምበትም በየሁለት በየሦስት ወሩ ይሞላ።

ያበጠ ሊቲየም ካያችሁ አለቀ፣ ቻርጅ አይደረግም። አትብሱት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት፣ ሽንት ቤት አትወርውሩት። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ደረቅ አሸዋ ባለበት ሸክላ ውስጥ ደጅ አስቀምጡት። እኔ ጋ አምጡት፣ እቀበላችኋለሁ። ቻርጀር ላይ እሳት ከተነሣ ከቻላችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። መብራቱ ሳይጠፋ ውኃ አትድፉ። ከጠፋ በኋላ ብዙ ውኃ ነው የሚያበርደው። ጢሱ ከበረታ ግን ዕቃው ይቅር! ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ወደ እሳት አደጋ፣ 939 ደውሉ።

አንዲት የመጨረሻ ነገር አለችኝ፤ ስለ ልጆች ነች። ሳንቲም የምታህለው ክብ ሊቲየም፣ በመኪና ቁልፍና በመጫወቻ ውስጥ ያለችው፣ «2032» የምትለዋ ቻርጅ አትደረግም። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። አታስመልሱት። «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ። በቀጥታ ሐኪም ቤት! የመጫወቻው ክዳን በብሎን የሚታሰር ካልሆነ አትግዙት።

የእድራችን ዳኛ፣ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የእድሩን ፋኖሶች የሚሞላ አንድ ተጠሪ ይመደብ። ለድምፅ ማጉያው ማይክ ደግሞ ለየድንጋዩ መብራት ያለው አንድ ስማርት ቻርጀር ይገዛ። ግዢው ላይ አብሬ እሄዳለሁ፤ ከላይ ያልኳችሁን ፈተና ሱቁ ውስጥ አደርገዋለሁ። ከቤት ቻርጀር ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩልኝ። ጀርባቸው የተፋቀውንና ከውጭ የተላኩትን አስቀድሙ፤ ኢንፑታቸውን አንድ በአንድ እናያለን።